እርሾ መድኃኒት ሲጠምቅ

ጠላ ሲጠመቅ ያላየ ካለ እጁን ያውጣ። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ጌሾና ብቅሉ ይጠነሰሳል፣ ቂጣው ይጋገራል፣ አሻሮው ይቆላል፤ ሁሉም ተራውን ጠብቆ ጋን ይገባና አፉ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ሰው ብዙም ሥራ የለውም። ልጆች ሆነን ጆሯችንን ጋኑ ላይ ለጥፈን ውስጥ ውስጡን ሲንሾካሾክ ስናዳምጥ፣ «አትነካኩት፣ ይብላላበት!» ተብለን የተቆጣን ጥቂቶች አይደለንም። እናቶቻችን ጠማቂ ይባሉ እንጂ የሚጠምቀው ሌላ ነው። በዓይን የማይታይ፣ ደመወዝ የማይጠይቅ፣ ስኳር እየበላ አልኮልና አየር የሚተፋ ፍጡር ነው፤ እርሾ እንለዋለን። ለእንጀራችን ዓይን የሚያወጣለትም የእርሱ ወገን ነው።

ዛሬ የምንተርክላችሁ ይኸው እርሾ ከጠላና ከዳቦ ቤት ወጥቶ የወባ መድኃኒት እንዲጠምቅ ስለታዘዘበት ዘመን ነው። ታሪኩ ጦርነት አለበት፣ የጥንት የሐኪም መጽሐፍ አለበት፣ የበቆሎ ገበሬ ልጅ አለበት፣ የቢሊየነር ገንዘብ አለበት። መጨረሻው ግን እንደ ፊልም አይደለም። እንዲያውም መጨረሻው ነው ይህን እንድንጽፍ ያደረገን። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልን እንዳናሰለቻችሁ።)

ሎሌው ከድሮም ሎሌ ነበር

ጥቃቅን ሕዋሳትን ለጠላ ብቻ ሳይሆን ለፋብሪካ ማሠራት የተጀመረው ዛሬ አይደለም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም እንግሊዝ አንድ ነገር ቸገራት፤ አሴቶን። አሴቶን ዛሬ ሴቶች የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቁበት ፈሳሽ ነው። ያኔ ግን ለመድፍ የሚሆነውን ጭስ አልባ ባሩድ ለመሥራት የግድ ያስፈልግ ነበር። የሚገኘው እንጨት በማክሰል ስለነበር ለዚያ ሁሉ መድፍ አልበቃ አለ።

መላውን ያመጣው በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ በሩሲያ ግዛት የተወለደ አይሁዳዊ ኬሚስት ነው፤ ኻይም ቫይዝማን ይባላል። ቫይዝማን የበቆሎ ስታርች እየበላ አሴቶንና ቡታኖል የሚሰጥ ባክቴሪያ ለይቶ አወጣ። ነገሩ መጀመሪያ በስፋት ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ለንደን ውስጥ የነበረ የጂን መጥመቂያ ነው፤ ከጠላው ጨዋታ ብዙም አልራቅንም ማለት ነው። በ1917 የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በቆሎ የጫኑትን መርከቦች ማስመጥ ሲያበዙ፣ የእንግሊዝ ተማሪዎች ከየጫካው የማይበላ የዛፍ ፍሬ እየለቀሙ ለባክቴሪያው ቀለብ እንዲያመጡ ተጠየቁ። ቫይዝማን በ1949 የእስራኤል የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ።

ልብ በሉ፤ ቫይዝማን ባክቴሪያውን ፈልጎ አገኘው እንጂ አልለወጠውም። ሎሌውን በሚያውቀው ሙያ ነው ያሠራው። የማያውቀውን ሙያ ማስተማር የተቻለው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። በ1973 ስታንሊ ኮኸንና ኸርበርት ቦየር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የአንዱን ፍጡር ዘረመል ቆርጦ ባክቴሪያ ውስጥ መትከልና እዚያው ማራባት እንደሚቻል አሳዩ። ቦየር በ1976 ከሮበርት ስዋንሰን ጋር ሆኖ ጄነንቴክ የሚባል ኩባንያ አቋቋመ። በ1978 ባክቴሪያ የሰውን ኢንሱሊን ሠራች፤ በ1982 መድኃኒቱ በአሜሪካ ተፈቅዶ ኢላይ ሊሊ በተባለው ኩባንያ በኩል ገበያ ወጣ።

ከዚያ በፊት የስኳር በሽተኛ በሕይወት የሚቆየው ከቄራ በሚመጣ የአሳማና የከብት ቆሽት ነበር። ሩብ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ንጹሕ ኢንሱሊን ለማውጣት ሁለት ቶን የአሳማ ሥጋ ክፍል ያስፈልግ ነበር ይባላል። እንግዲህ ባክቴሪያዋ ስንቱን ቄራ እንደተካች አስቡት።

ይሁንና ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው። ለፕሮቲን የሚያስፈልገው የዘረመል ትእዛዝ አጭር ነው፤ ትእዛዙን ለባክቴሪያዋ ትሰጧታላችሁ፣ ፕሮቲኑን ትሰጣችኋለች። ከዕፅዋት የሚገኙት አብዛኞቹ መድኃኒቶች ግን ፕሮቲን አይደሉም። ቅጠሉ ውስጥ ብዙ ሠራተኛ እየተቀባበለ የሚያዘጋጃቸው ናቸው፤ አንዱ ይቆርጣል፣ ሌላው ያጥፋል፣ ሦስተኛው ኦክስጅን ይጨምራል። እነዚህን ለማግኘት ለሕዋሱ አንድ ሙያ ማስተማር አይበቃም፤ ሙሉ ወጥ ቤት ነቅሎ መትከል ያስፈልጋል።

ያ ወጥ ቤት የተተከለበት የመጀመሪያው ትልቅ ታሪክ ደግሞ እኛንም የሚነካ ነው። ወባ ነዋ!

ንዳድ

አያቶቻችን ንዳድ ይሉት ነበር። ቆላ ወርዶ መክረም፣ ከቆላ ሲመለሱ መንቀጥቀጥ የተለመደ ነው። በ1958 ግን ንዳድ ራሱ ወደ ደጋው ወጣ። ዝናቡና ሙቀቱ ከወትሮው በተለየበት በዚያ ዓመት፣ ወባ እምብዛም በማያውቃቸው በመካከለኛው ኢትዮጵያ ወይና ደጋ አካባቢዎች ወረርሽኝ ተነሣ፤ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፣ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ተገመተ። ስለ ጦርነትና ስለ ረሃብ ብዙ የተጻፈላት አገራችን ይህን ዓመት ብዙም አታነሣውም።

የዚያ ዘመን መድኃኒት ክሎሮኪን ነበር። ርካሽ ነው፣ ይሠራልም። ችግሩ የወባ ተውሳክም ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ክሎሮኪንን ቀስ በቀስ ለመደችው። ኢትዮጵያ በ1990ዎቹ መጨረሻ ብዙዎቻችን ፋንሲዳር እያልን ወደምናውቀው መድኃኒት ዞረች። እርሱንም ለመደችው። በ2003 ብዙ ወረዳዎችን ያዳረሰ ከባድ ወረርሽኝ ከመጣ በኋላ፣ በ2004 አገሪቱ ለዋናው የወባ ዓይነት ኮአርተምን የመጀመሪያ መድኃኒት አድርጋ ወሰነች።

ኮአርተምን ያልዋጠ ቢኖር እንኳ ሲዋጥ ያላየ ጥቂት ነው። ቢጫ ኪኒን ነው። ለአዋቂ በቀን ሁለቴ አራት አራት ፍሬ ለሦስት ቀን፣ በድምሩ 24። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ውሰዱ ይባላል። ከመካከላችን አንዱ ለዘመድ ሠርግ ቆላ ወርዶ ተንቀጥቅጦ በተመለሰ ጊዜ እናቱ ኪኒኑን ከቅቤ ገንፎ ጋር እየቆጠረች ስታውጠው፣ ያ ቢጫ ነገር ከየት እንደመጣ ማናችንም አልጠየቅንም። አሁን እንጠይቅ።

523

መልሱ ቬትናም ጫካ ይወስደናል። በ1960ዎቹ የሰሜን ቬትናም ወታደር ከጥይት ባልተናነሰ ወባ ይጥለው ነበር፤ ክሎሮኪንም እዚያ ቀድሞ ከድቷል። ሃኖይ የቤጂንግን እርዳታ ለመነች። ማኦ ፈቀደ። ምስጢራዊው ፕሮጀክት በተጀመረበት ቀን፣ በ1967 በአምስተኛው ወር በ23ኛው ቀን፣ «523» ተባለ።

ጊዜው የባህል አብዮት ነው። ሳይንቲስት እየተባለ ሰው ከላቦራቶሪ ወደ እርሻ የሚጋዝበት ጊዜ ነው። በ1969 መጀመሪያ ቤጂንግ ከሚገኘው የባህላዊ ሕክምና አካዳሚ ቱ ዩዩ የምትባል የ38 ዓመት ተመራማሪ ለሥራው ተመረጠች። ዶክትሬት የላትም፣ ውጭ አገር አልተማረችም። ባሏ ወደ ገጠር ተልኮ ነበር፤ ትንሽ ልጇን ለመዋያ ቤት ሰጥታ ወባ ወዳለበት ደቡብ ወረደች።

የቱ ዩዩ ቡድን በየአገሩ ያሉ አዋቂዎችን እየጠየቀ፣ የድሮ መጻሕፍትን እያገላበጠ ከሁለት ሺህ በላይ የመድኃኒት አዘገጃጀት ሰበሰበ። ወደ 200 ከሚጠጉ ዕፅዋት 380 ያህል ጭማቂ አውጥቶ በወባ በታመሙ አይጦች ላይ ሞከረ። ከእነዚህ አንዱ ቺንግሃዎ የሚባለው፣ በሳይንስ ስሙ አርቴሚሲያ አኑዋ የተባለው ተክል ነበር። (ለበዓል ከቄጠማ ጋር የምንገዛው አሪቲ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ አደራ ግን፣ አሪቲ ወባ ያድናል አላልንም!) ቺንግሃዎ አንዴ ተስፋ ይሰጣል፣ ሌላ ጊዜ ምንም የለም። ግራ ገባቸው።

ቱ ዩዩ ወደ መጻሕፍቱ ተመለሰች። ከ1,600 ዓመት በፊት የነበረው ሐኪም ገ ሆንግ ስለዚህ ተክል የጻፈው አጭር ነገር ነው፤ እፍኝ ቅጠል ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ ጨምቆ ጭማቂውን መጠጣት። እዚህ ላይ ቆም አለች። ሐኪሙ ነክረህ ጭመቅ አለ እንጂ ቀቅል አላለም! ቡድኑ ግን እንደ ልማዱ ቅጠሉን በሙቀት ነበር የሚያወጣው። መድኃኒቱን የሚገድለው እሳቱ ቢሆንስ? ስለዚህ በ35 ዲግሪ በሚተነው በኢተር ማውጣት ጀመረች። በጥቅምት 1971 ቁጥር 191 የተባለው ናሙና አይጦቹ ላይ የነበረውን ተውሳክ አንድ ሳያስቀር ጨረሰ። በሰው ከመሞከሩ በፊት ቱ ዩዩና ባልደረቦቿ ራሳቸው ጠጡት። በ1972 ንጹሑ ነገር ተለየ፤ አርቴሚሲኒን። ቱ ዩዩ በ2015 የኖቤል ሽልማት ስትቀበል 84 ዓመቷ ነበር።

የእናታችን ቢጫ ኪኒን አንዱ ግማሽ እንግዲህ የዚህ ግኝት ልጅ ነው።

ቅጠሉና ገበያው

በ2000ዎቹ መጀመሪያ የዓለም ጤና ድርጅት አገራት አርቴሚሲኒን ያለባቸውን ጥምር መድኃኒቶች እንዲጠቀሙ ሲመክር ሌላ ጣጣ መጣ። ለመላው አፍሪካ የሚበቃው ቅጠል ከየት ይምጣ?

አርቴሚሲያ ወራት የሚፈልግ ሰብል ነው። ይዘራል፣ ይነቀላል፣ ይደርቃል፣ ቅጠሉ ይራገፋል፣ ከዚያ ፋብሪካ ገብቶ ይጨመቃል። ከመቶ ኪሎ ደረቅ ቅጠል የሚገኘው መድኃኒት ደህና ሲሆን አንድ ኪሎ ቢሆን ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዚያም ያነሰ። ከዘሩ እስከ ኪኒኑ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል። በቻይና፣ በቬትናም፣ ኋላም በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በኡጋንዳና በማዳጋስካር ገበሬዎች ማሳቸውን ለዚህ ሰጡ።

ውጤቱን ሽንኩርት ነግዶ የከሰረ ሁሉ ያውቀዋል። በ2005 እጥረት ሆነና የአንድ ኪሎ አርቴሚሲኒን ዋጋ እስከ 1,100 ዶላር ወጣ። ይህን የሰማ ሁሉ ዘራ። በ2007 ዋጋው 200 ዶላር አካባቢ ወደቀ። የከሰረው ገበሬ ነቅሎ በቆሎ ዘራበት። ሲነቀል እጥረት ሆነ፤ ዋጋው እንደገና ጣሪያ ነካ። ሽንኩርት ሲወደድ ሽንኩርት አንበላም። ይህ ሲወደድ ግን የሚቀረው የሕፃን መድኃኒት ነው። የወባ ትንኝ ደግሞ ገበያ እስኪረጋጋ አትጠብቅም።

የበቆሎ ገበሬው ልጅ

ጄይ ኪስሊንግ ነብራስካ ውስጥ በበቆሎና በአኩሪ አተር እርሻ ያደገ ልጅ ነው። በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሕዋሳትን እንደ ፋብሪካ የማሠራት ጥናት ላይ ነበር። ሽቶ፣ ጎማ፣ ቅመም፣ መድኃኒት የሚገኙበት አንድ ትልቅ የኬሚካል ቤተሰብ አለ፤ ኢሶፕሬኖይድ ይባላል። ኪስሊንግ የዚህን ቤተሰብ መነሻ በባክቴሪያ ማምረት ችሎ ነበር። የቀረው «የትኛውን ልጅ እንውለድ?» የሚለው ነው። አርቴሚሲኒን ተመረጠ። በ2003 ቡድኑ የመጀመሪያውን ወሳኝ እርከን በባክቴሪያ ሠርቶ አሳተመ፤ በዚያው ዓመት ከርሱ ጋር የሚሠሩ ወጣቶች አሚሪስ የሚባል ኩባንያ መሠረቱ።

በ2004 መጨረሻ የቢልና ሜሊንዳ ጌትስ ፋውንዴሽን 42.6 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ገንዘቡ ለሦስት ወገን ነው፤ ለበርክሌይ፣ ለአሚሪስ እና ቪክቶሪያ ሄል ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ላቋቋመችው ለትርፍ ያልቆመ የመድኃኒት ድርጅት፣ ለዋንወርልድ ኸልዝ። ስምምነቱም ዩኒቨርሲቲው ለድሃ አገራት ከሚሠራው መድኃኒት የባለቤትነት ክፍያ አይጠይቅም የሚል ነበር።

ከዚያ ባክቴሪያዋ ቀርታ ወዳጃችን እርሾ መጣ። ምን እንዳደረጉት በመስኖ እናስረዳ። እርሾ ስኳር ሲበላ ከሚሠራቸው ነገሮች አንዱ ለራሱ ሽፋን የሚሆን ስብ ነው። ወደዚያ ስብ የሚወስድ የኬሚካል ቦይ አለው። የቦዩ መሐል ላይ የሚገኘው ነገር የአርቴሚሲያ ቅጠልም የምትጠቀምበት ጥሬ ዕቃ ነው። ስለዚህ ሳይንቲስቶቹ እንደ መስኖ ገበሬ አደረጉ። ከላይ የሚመጣውን ውኃ አበዙ፣ ወደ ስቡ የሚወስደውን በር አጠበቡ (ጭራሽ ከዘጉት እርሾው ይሞታል)፣ ከቅጠሉ ባመጡት ዘረመል አዲስ ቦይ ቀደዱ። አዲሱ ቦይ መጨረሻ ላይ አርቴሚሲኒክ አሲድ አለ፤ መድኃኒቱ ሊሆን ጥቂት እርከን የቀረው። የሚገርመው እርሾው ይህን አሲድ ሠርቶ ወደ ውጭ ይተፋዋል፤ ልክ ጋኑ ውስጥ አልኮሉን እንደሚተፋው።

በ2006 ውጤቱ ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ። በሊትር 100 ሚሊግራም ያህል ነበር። ለሳይንስ ትልቅ ነገር ነው፤ ለገበያ ግን ምንም አይደለም። ቀሪው ሥራ ዜና የማይሆነው ዓይነት ነው። እርሾውን ሌላ ዝርያ ማድረግ፣ አመጋገቡን መለወጥ፣ በካናዳ ተመራማሪዎች ከቅጠሉ የተገኙ የጎደሉ ሠራተኞችን መጨመር፣ እንደገና መሞከር። ሰባት ዓመት ፈጀ። በ2013 በዚያው መጽሔት የወጣው ቁጥር በሊትር 25 ግራም ነበር። 250 እጥፍ ማለት ነው።

ድሉ

የመጨረሻውን ዳገት የወጣው የፈረንሳዩ ሳኖፊ ነው። ቡልጋሪያ ውስጥ በግዙፍ ጋኖች እርሾው ይጠምቃል። የተጠመቀው አሲድ ጣሊያን ውስጥ ጋሬሲዮ ወደምትባል ከተማ ሄዶ፣ በመብራት ኃይል ኦክስጅን እንዲቀበል ተደርጎ አርቴሚሲኒን ይሆናል። በ2013 ምርት ተጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅትም እውቅና ሰጠው። የዚያ ዓመት ዕቅድ 35 ቶን ነበር፤ ለቀጣዩ ዓመት እስከ 60 ቶን ታሰበ። ይህ ከዓለም ፍላጎት ሲሶ ያህሉን ሊሸፍን የሚችል ነው። በ2014 ከእርሾ የተሠራውን የያዘ 1.7 ሚሊዮን ሰው የሚያክም መድኃኒት ወደ ስድስት ያህል የአፍሪካ አገራት ተላከ።

በዚያ ሰሞን የወጡ ጽሑፎችን ብታነቡ ዓለም የዳነች ይመስላችኋል። ተቃዋሚም አልጠፋም። ኢ.ቲ.ሲ. ግሩፕ የተባለው የካናዳ ተሟጋች ድርጅት «በቻይና፣ በቬትናምና በአፍሪካ እስከ መቶ ሺህ የሚደርሱ አነስተኛ ገበሬዎችን እንጀራ ልትነጥቁ ነው» ሲል ጮኸ። አንዱ ወገን እርሾው ሕፃናትን ያድናል አለ፤ ሌላው ገበሬውን ያጠፋል አለ። ሁለቱም ግን እርሾው ማሸነፉን አልተጠራጠሩም።

ሽንፈቱ

እርሾው አላሸነፈም።

ሳኖፊ መድኃኒቱን ያለ ትርፍ ያለ ኪሳራ እሸጣለሁ ብሎ የቆረጠው ዋጋ በኪሎ ከ350 እስከ 400 ዶላር ነበር። ዋጋው ጣሪያ በነካበት ጊዜ ቢሆን እልል የሚያሰኝ ነው። ግን በዚያው ሰሞን ገበሬዎቹ በብዛት ዘርተው ስለነበር የቅጠሉ አርቴሚሲኒን በኪሎ ከ250 ዶላር በታች ወርዶ ጠበቀው። በዚያ ላይ ዋና ዋናዎቹ የመድኃኒት አምራቾች የራሳቸው የቅጠል አቅራቢ ነበራቸው። በ2015 ሳኖፊ ከእርሾ አንድ ኪሎ እንኳ አላመረተም። በ2016 የጋሬሲዮን ፋብሪካ ጠማቂው ለነበረው ለቡልጋሪያው ሁቬፋርማ ሊያስረክብ ወሰነ።

አሚሪስም ወደ ሌላ ዞረ። ያንኑ የእርሾ ጥበብ ይዞ ብራዚል ውስጥ ከሸንኮራ አገዳ ስኳር ነዳጅ ሊሠራ ሞከረ። ነዳጁ አላዋጣ ሲል ወደ መዋቢያ ገባ፤ ድሮ ከሻርክ ጉበት ይወጣ የነበረውን የፊት ቅባት ዘይት፣ ስኳሌንን፣ በእርሾ አመረተ። በ2023 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ለወባ የተጀመረ ጥበብ በፊት ቅባት በኩል ዞሮ ፍርድ ቤት ደረሰ።

እንግዲህ ምን እንበል? «ሳይንቲስቶቹ ለፍተው ከንቱ» ማለት ቀላል ነው። እኛ ግን እንዲያ አናምንም። የጎተራ ጥቅሙ የሚታወቀው በጥጋብ ዘመን አይደለም። ድርቅ ወይም ጦርነት የቅጠሉን ማሳ ቢያጠፋው መድኃኒቱን ከስኳር መጥመቅ እንደሚቻል ዛሬ ይታወቃል፤ በ2005 አይታወቅም ነበር።

የሚቆጨን ሌላ ነገር ነው። እርሾውን የረታው ርካሹ ቅጠል ለኛ ለመድኃኒት ገዢዎቹ እሰየው ነው። ያ ርካሽነት ግን ከየት መጣ? በብዛት ዘርቶ በወደቀ ዋጋ ከሸጠ ገበሬ ነው። ተሟጋቾቹ ገበሬውን ከእርሾው ሊጠብቁት ሲሯሯጡ፣ በ2007 ማሳውን ያስነቀለው እርሾው አልነበረም፤ እርሾው ያኔ ከላቦራቶሪ አልወጣም። ያው የድሮው ገበያ ነበር።

ነገ የኛ ተራ ቢሆንስ?

ይህ የሰው ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን። ዝባድ የሚባል ነገር አለን። ከጥርኝ የሚወጣው ዝባድ ለዘመናት ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ ይላክ ነበር፤ የአውሮፓ ሽቶ ቀማሚዎች ዋና ምንጫቸው እኛ ነበርን። በ1926 ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለ ኬሚስት የዝባዱን ዋና ሽታ አወቃቀር ፈታ። አወቃቀሩ ከታወቀ በኋላ ቀስ በቀስ ሰው ሠራሹ ቦታውን ወረሰ። ጥርኞቹ ከጠባብ ጎጆ እስር ቢድኑ ደስ ይላል፤ ከዝባድ ይተዳደር የነበረውን ቤተሰብ ግን የጠየቀው የለም። ሕንድ ውስጥም ቤ.አ.ኤስ.ኤፍ. የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1897 ሰው ሠራሽ ኒል ለገበያ ባወጣ በጥቂት ዓመታት የኒል እርሻ ፈራርሷል። ዛሬ ደግሞ የቫኒላ ጣዕም በእርሾ ይሠራል። ማዳጋስካር በሥጋት ታያለች። ያለ ቡና ፍሬ «ቡና» እንሠራለን የሚሉ ኩባንያዎችም ተነሥተዋል። ይህን ስትሰሙ ሳቅ ይመጣባችኋል፤ ለኛም መጥቶብን ነበር። የዝባድ ነጋዴዎቹም በ1926 ሳይስቁ አልቀሩም።

ከታሪኩ የምንወስደው ታዲያ እርሾውን መፍራት አይደለም፤ እርሾውን ማወቅ ነው። ቱ ዩዩን ያሸለማት የአያቶቿን ዕውቀት ማምለኳም መናቋም አይደለም፤ ጠይቃ፣ ሞክራ፣ የማይሠራውን ጥላ የሚሠራውን መያዟ ነው። እኛ በየጓሯችን ዳማከሴና ጤናዳም አለን፣ በየማጀታችን ሰው ሳይቆጥራቸው የሚሠሩ የእርሾ ዓይነቶች አሉን። ማን እየመዘገባቸው ነው? ከየዩኒቨርሲቲያችን በባዮቴክኖሎጂ የሚመረቁት ጓደኞቻችን ስንቶቹ ናቸው ላቦራቶሪ የሚጠብቃቸው?

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። በኢትዮጵያ ከጥር እስከ ጥቅምት 2024 ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታመመ፤ 1,157 ሰው ሞተ። በ2016 ቀብሪደሃር ላይ የተገኘችው አዲሷ የወባ ትንኝ፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ፣ እንደ ዘመዶቿ የገጠር ረግረግ አትፈልግም፤ በርሜልና ሮቶ ይበቃታል። በ2022 ድሬዳዋ ላይ በበጋ ወረርሽኝ ስታስነሣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሳይቀር ነው ያገኘቻቸው። «ወባ የቆላ ነው» እያልን ለምንኖር ለከተሜዎቹ መልእክቱ ግልጽ ነው። በ2023 የወጣ ጥናት ደግሞ በአገራችን ያለች ተውሳክ አርቴሚሲኒንን እየለመደች መሆኗን የሚያሳይ የዘረመል ለውጥ አግኝቷል። ክሎሮኪን ሄደ፣ ፋንሲዳር ሄደ፤ ቢጫዋም ኪኒን ዘላለማዊ አይደለችም።

ቀጣዩ መድኃኒት ከቅጠል ይምጣ ከጋን አናውቅም። ከሁለቱም ቢሆን ግድ የለንም። ግድ የሚለን ሲጠመቅ እኛ የት ነን የሚለው ነው። ልጆች ሆነን ጋኑ ላይ ጆሯችንን ለጥፈን ውስጡ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ጓጉተን ነበር፤ «አትነካኩት» ተባልን። አሁን አድገናል። ብንነካካው ምን ይለናል?

ቸር እንሰንብት።